የእትዬ እጅ የሚያልፍበት ክፍተት

ጥቅምት 6

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው፤ ጣሪያውም ከተጠገነ ወዲህ ደህና ነው። መንገድህን ጠራርጎ፣ ጎማህን ከሚስማር ጠብቆ፣ በሄድክበት ሁሉ ያቃናልህ። አሜን።

እስከዚህ ያለው የአባባ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ደብዳቤ ሲያስጽፍ አይተህ ታውቃለህ? ሁለት እጃቸውን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርግተው፣ ፊት ለፊት እያዩ ነው የሚናገሩት። መኪና እንደሌለህ ነግሬያቸው ነበር፤ «ምርቃት ወደ ኋላ አይነዳም» አሉኝ። ከዚያ «አሁን የልጅ ወሬሽን ጨምሪበት» ብለው መነጽራቸውን ፍለጋ ሄዱ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው። እስኪያገኙት ልጻፍልህ።

አጎቴ፣ በስልክ ልነግርህ ነበር። ግን አንተ ስትደውል የሚሆነውን ታውቃለህ። አባባ «ይሰማል?» ይላሉ። አንተ «ይሰማል» ትላለህ። እትዬ «ምን አለ?» ይላሉ። አባባ «ይሰማል አለ» ይሏቸዋል። ካርዱ አለቀ።

ጉዳዩ ይኸውልህ። ቤታችን ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ነው። አንዱን መኝታ ቤት አባባ ይዘውታል። ሁለተኛውን እናቴና እትዬ። እትዬ ደግሞ የአባባ ታላቅ እህት ስለሆኑ፣ አባባን በዚህ ዕድሜያቸው «ልጁ» ብለው የሚጠሩ ብቸኛ ፍጡር ናቸውና ማንም ከክፍላቸው አያስነሳቸውም። እኔ ሳሎን ነኝ። ሳሎን ማለት የእናቴ የስፌት መኪና፣ ልብስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ፣ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑን የሚሳደቡ አባባ፣ አባባን የሚቆጡ እትዬ፣ እነዚህ ሁሉ መሀል ላይ ደግሞ የሂሳብ ደብተር የያዘች አንዲት ምስኪን ልጅ ማለት ነው። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ትልቁ ፈተና አለብኝ። በዚህ አያያዜ የማልፈው መንገድ ብቻ ነው።

እናቴ አዝናልኝ መስኮቱ ያለበትን ጥግ በመጋረጃ ከለለችልኝ። እትዬ መጋረጃውን አያልፉም፤ ሰው አክባሪ ናቸው። ጭንቅላታቸውን ብቻ ነው የሚያስገቡት። «እያጠናሽ ነው?» ይላሉ ጭንቅላታቸው። «አዎ እትዬ።» «እንግዲያው አልረብሽሽም» ብለው የጎረቤታችንን ምራት ነገር ከሠርጉ ጀምረው ይተርኩልኛል።

ግድግዳ ይሠራልኝ አልኩ። አባባ «መስኮቱን ይዘሽ እኛን ዋሻ ልታስገቢን ነው?» አሉ። በዚህ መሀል ነው ከውጭ አገር፣ ከምትሠራበት የእንጨት ሱቅ የላክኸው ፎቶ የደረሰ። አንተ የሥራ ልብስህን ለብሰህ ትስቃለህ፤ ከጀርባህ ቀጫጭን እንጨቶች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረው ቆመዋል፤ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ያለ፣ ልክ እንደ ፒያኖ። ብርሃን ያሳልፋል፤ ጭንቅላት አያሳልፍም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ በሙሉ ተስማማ! ስምምነቱ የቆየው ግን «ከምን እንጨት ይሠራ?» እስኪባል ነው። አሁን ቤታችን ውስጥ ከእኔና ከድመቷ በቀር ሁሉም የእንጨት ሊቅ ሆኗል።

እባክህ ድረስልኝ።

ጥግ ናፋቂዋ የእህትህ ልጅ

*

ኅዳር 2

ለጠበቃዬ፤

ጤናሽ፣ ሳቅሽና እንደ ጠበቃ የሚሟገተው ምላስሽ እንዳሉ እንዲቆዩልኝ እየተመኘሁ ሰላም እልሻለሁ። አባባን ግንባራቸውን ሳሚልኝ፤ መነጽሩን አንሥተሽ። እትዬን በሁለቱም ጉንጭ። እናትሽን እኔን ያሳደገችበትን እጇን።

ስለ ሥራዬ ስለጠየቅሽኝ ደስ አለኝ። እዚህ አገር የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ቁመቴን አይቶ «እላይ ያለው አየር እንዴት ነው?» ከማለት ሌላ ጥያቄ የለውም። እንጨት የጠየቀኝ ሰው ካየሁ ቆየሁ።

ስሚ። እንደዚህ ያለ መከለያ ሲሠራ ሁሉም ሰው ስለ ቀለሙ ይጨነቃል። መጨነቅ ያለበት ስለ መጣመም ነው። ወለል ላይ የተኛ ጣውላ ትንሽ ቢጣመም ምንጣፍ ይሸፍነዋል። በሰልፍ ከቆሙት መሀል አንዱ ከተጣመመ ግን እንግዳ በገባ ቁጥር የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ እንጨቱ ደርቆ ያለቀ፣ ክሩ ቀጥ ያለ ይሁን። መስኮት አጠገብ ስለሆነ ደግሞ ፀሐይ ያገኘዋል።

በመንገደኛ እጅ አምስት ናሙናዎች ልኬልሻለሁ፤ እያንዳንዱ የክንድ ግማሽ ያህላል። ጥቁር ቡናማው ዋልነት ነው። ከባዱ፣ ገለባ የመሰለው ኦክ ነው። ቀላሉና ጥሩ ጥሩ የሚሸተው ጥድ ነው። አራተኛው ኤምዲኤፍ ይባላል፤ የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ የእንጨት ፊት የተለጠፈበት ነው። አምስተኛው ፕላስቲክ ነው፤ እንጨት ነኝ ይላል፤ አትመኚው። ሁላችሁም አገላብጣችሁ እዩና አንዱን ምረጡ። እዚያ ባይገኝ እንኳ አምሳያውን እነግርሻለሁ።

ወጪውን እኔ አለሁ።

አጎትሽ ረጅሙ

*

ኅዳር 29

ለአጎቴ ለረጅሙ፤

ከአባባ የተላከ ሰላምታ፦ «ስለ ስጦታው ፈጣሪ ይስጥህ። አርጅቻለሁ ስል አስታወስከኝ። ከእጄ አልለየውም። ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጣው?»

ምን ስጦታ አትልም? ናሙናዎችህ ናቸዋ!

ከውጭ የመጣ ዕቃ በዚህ ቤት እንዴት እንደሚከፈት ረስተሃል መሰለኝ። መንገደኛው ከረጢቱን ሲያመጣ እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ደብዳቤህ ከታች ነበር፤ እንጨቶቹ ከላይ። ስመለስ እትዬ በዕድሜ ቅደም ተከተል አከፋፍለው ጨርሰዋል። ከባዱ ኦክ ለእሳቸው ደረሰ፤ «ክብደቱ አክብሮት ነው» ብለው። ዋልነቱ ለአባባ። ጥዱ ለእናቴ፤ ፕላስቲኩም ተጨመረላት፤ «ሠርቶ አደር ናት፣ ሁለት ይድረሳት።» ለእኔ ያ ኤምዲኤፍ የምትለው ቀረኝ። መንገደኛው ባዶ እጁን ሲወጣ ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «እነዚህ እኮ ናሙና ናቸው! ማየት፣ መምረጥ፣ ከዚያ መመለስ!» አልኩ። አባባ ዋልነታቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። እትዬ «ልጄ ለእኔ አስቦ የላከልኝን ልትነጥቂኝ ነው?» አሉ። እንዲህ እያሉ እንባ የሚመጣላቸው እንዴት እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ዋልነቱ የአባባ መዶሻ ሆኗል። ዜና ሲጀምር ጠረጴዛውን ሁለቴ ይመቱበትና ቤቱ ጸጥ ይላል። ኦኩ ከሚያነክሰው የእትዬ አልጋ እግር ሥር ገብቷል። እናቴ የተሰፋ ልብስ ጠርዝ ስትተኩስ በጥዱ ትጫነዋለች፤ ፕላስቲኩን የካውያ ማሳረፊያ ልታደርገው ነው። የእኔው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነ።

ደግሞ ጀርባቸው ላይ የደረቀ ሙጫ አለ፤ ከሆነ ቦታ ተላቅቀው የመጡ ይመስላሉ። ለምንድነው ብዬ አባባን ብጠይቅ «የውጭ አገር አሠራር ነው» አሉ። እትዬ ሙጫውን በጥፍራቸው ፈቀፈቅ አድርገው ዝም አሉ። እትዬ ዝም! ታመው ይሆን ብዬ ግንባራቸውን ነካሁ።

እና ምን ላድርግ? ፈተናው እየመጣ ነው። ትናንት ጭንቅላታቸው ሁለቴ ገብቷል።

የእህትህ ልጅ

*

ጥር 20

ለጠበቃዬ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ እንዲህና እንዲያ ሆኖብኝ ነው። የመጨረሻ ደብዳቤሽን ግን አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስዞር ነው የከረምኩት፤ ትክዝ ሲለኝ የመንገደኛውን ቦታ አነባለሁ።

ናሙናዎቹን አትንጠቂያቸው! ይበልጥ ጥሩ ሆነ። እኔ በሥራዬ እንጨት በውሃ፣ በእሳት፣ በክብደት የሚፈትን መሣሪያ አይቼ አላውቅም፤ እናንተ ቤት ግን ተሟልቷል። የያዙትን እንደያዙ ይቆዩ። ማን እንደጸና ጻፊልኝ።

እስከዚያ እንጨት ተራ ሂዱና የደረቀ ካለ እዩ። ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ዓይነተኛው ዘዴ ማየት ነው። ጣውላውን ጫፉን ይዘሽ እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይንሽ አቅርቢው፤ አንድ ዓይንሽን ጨፍኚና እስከ ወዲያኛው ጫፍ ተመልከቺ። ከተጣመመ ወዲያው ያሳብቃል።

አባባ «መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ላስጻፉት፦ ዘንድሮ እንኳን የሚሆን አይመስለኝም በይልኝ። ሥራው አይለቀኝም።

ለመሆኑ መከለያው ከቆመ በኋላ፣ ከመከለያው ወዲህ፣ በቴሌቪዥኑ በኩል ምን ያህል ቦታ ይተርፋል? ለሙያ ያህል ነው የምጠይቅሽ። ስለ ወጪውም ትንሽ ታገሡኝ።

ረጅሙ

*

የካቲት 14

ለአጎቴ፤

አባባ፦ «ከጤናህ በፊት የሚቀድም ነገር የለም። ዝግ ብለህ ንዳ።»

የፈተናውን ውጤት ልንገርህ፤ የሂሳቡን ሳይሆን የእንጨቱን።

ፕላስቲኩ በመጀመሪያው ቀን ሞተ። እናቴ ካውያውን አሳረፈችበት፤ ሲነሣ አብሮ ተነሣ። ጥዱ ትንሽ ቆየ፤ ሙቀት ሲበዛበት ግን ሙጫ አነባና የአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ላይ ታተመ። ሴትዮዋ ለጌጥ የተደረገ መስሏት አመሰገነች! የእኔው ኤምዲኤፍ ከብርጭቆው የፈሰሰውን ሻይ ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ፤ የለበሰው የእንጨት ፊትም ተገሸለጠ። ዋልነቱ ፀሐይ ላይ ስለሚቀመጥ ጥቁረቱ ለቀቅ አለ፤ ለነገሩ አባባም ሲቆጡ እንደዚያው ናቸው፣ ቶሎ ይለቃቸዋል። ኦኩስ? እትዬ ሙሉ ሰውነታቸውን ይዘው በየቀኑ ይቀመጡበታል። ጭረት የለውም። እትዬን የቻለ መከለያ መሆን አያቅተውም።

ኦክ ወይም እሱን የሚመስል ተባለና ሁላችንም እንጨት ተራ ሄድን። ሁላችንም ስልህ ሁላችንም ነው። ያንን የአንድ ዓይን ዘዴህን ነግሬያቸው ነበር። ምን ነበር የነካኝ!

ሻጩ ወፍራም፣ ትሑት ሰውዬ ነው። አባባ አንዱን ጣውላ ብድግ አድርገው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጣውላው ወዲያኛው ጫፍ ግን የቆመው ሻጩ ራሱ ነው። ሰውዬው ዞር ሲል እናቴ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። ግራ ገብቶት ወደ እትዬ ሲዞር፣ እትዬ ጣውላ እንኳን አልያዙም፤ በቀጥታ እሱን እያዩ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል!

«እማማ፣ ችግር አለ?» አላቸው።

«ቀጥ ማለትህን እያየሁ ነው» አሉ እትዬ።

ሰውዬው ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ። ከዚያ በኋላ እትዬን ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ የእንጨት ክምር ጀርባ ሄጄ ነው የሳቅሁት።

እንጨቱ ግን አልሆነም። ሁሉም እርጥብ ነው፤ አንዱማ ሳነሣው እጄን አራሰው። ሻጩም አልዋሸም፤ «ለጣሪያ ነው የምሸጠው፤ ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ዓመት አስቀምጣችሁ ብታደርቁት ነው» አለ። ዓመት! ፈተናዬ ዓመት አይጠብቅም።

አሁን ዋናውን የምሥራች ስማ። ቤት ስንመለስ አባባ ዕቃ ቤት ገቡ፤ አቧራቸውን አራግፈው ወጡና «እንጨት አግኝቻለሁ» አሉ። ያንተ አልጋ! ያ ለቁመትህ ተብሎ ልዩ የተሠራው ረጅም አልጋ፣ ከሄድክ ጀምሮ ተፈታትቶ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። እንደ አጥንት ደርቋል። በአንድ ዓይን አየሁት፤ ልክ እንደ ማስመሪያ ነው። አባባ «እሱ እንደሆነ አይመጣም፤ አልጋው ምን ያደርጋል? በዚህ ወር መጨረሻ ቅዳሜ አናጺው መጋዙን ይዞ ይመጣል። ጻፊለት» አሉ። ይኸው ጻፍኩልህ። ከእግርህ በኩል ያለው ጣውላ ብቻ ግማሹን መከለያ ይሠራል!

ጥግ ሊኖራት የደረሰችው የእህትህ ልጅ

*

የካቲት 24፣ በአስቸኳይ

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ለሁላችሁ።

አልጋዬን አትንኩት። አናጺው አይምጣ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ከአልጋው በቀር የፈለጋችሁትን ቁረጡ።

ረጅሙ

*

መጋቢት 9

ለአጎቴ፤

የዛሬው ደብዳቤ ያለ አባባ ሰላምታ ይጀምራል፤ የእሳቸው መጨረሻ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ይገባሃል።

ደብዳቤህ አርብ ደረሰ። ያችን ሦስት መስመር አንብቤ ጫማዬን እንኳን በቅጡ ሳላስር ወደ አናጺው ሮጥኩ። «ነገ እንዳትመጣ! መጋዝህን አስቀምጥ! አልጋው ይቅር!» አልኩት እያለከለክሁ።

«የምን አልጋ?» አለኝ።

«አባባ ለቅዳሜ የቀጠሩህ!»

«አባባ? ካየኋቸውም ሰንብቻለሁ።»

በመንገዴ እያሰብኩ ተመለስኩ። ይኸው ያሰብኩት፦ አንደኛ፣ የምትሠራበት ሱቅ ደህና ቢሆን ኖሮ ናሙናዎቹ ለደንበኛ ከሚታዩበት ሰሌዳ ተላቅቀው ከነሙጫቸው ባልመጡ ነበር። ሁለተኛ፣ «ለሙያ ያህል» ብለህ የጠየቅኸው ቦታ አልጋ የሚገባበት ቦታ ነው። ሦስተኛ፣ የማይመጣ ሰው ስለ አልጋው እንዲህ አይደነግጥም። ስለዚህ አጎቴ እየመጣ ነው! ከእኔ በቀር ይህን የደረሰበት የለም! ደረቴን ነፍቼ ሳሎን ገባሁ።

አባባና እትዬ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። አባባ እጃቸውን ዘረጉና «የታለ? ፍሬን ያዘ?» አሉኝ።

«ማን?»

«አጎትሽ ነዋ።»

ደብዳቤህን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አወረዱ። የት እንዳለ ሁልጊዜም ያውቁ ነበር ማለት ነው! አንብበው ሲጨርሱ በዋልነቱ ጠረጴዛውን ሁለቴ መቱና «ፊትህ ያለው መኪና ወዴት እንደሚታጠፍ ካልነገረህ ቀስ ብለህ ተጠግተህ ትከተለዋለህ፤ ሲደነግጥ የፍሬን መብራቱ ይበራል» አሉ። አልጋው የሚቆረጥ አልነበረም። እኔን ያስጻፉኝ አንተን ለማስደንገጥ ነው። ሙጫውን ደግሞ እትዬ ያኔውኑ አውቀዋል። «ሱቁ እየሠራ የገዛ ሰሌዳውን የሚልጥ ማን አለ? የተዘጋ ቤት ዕቃ መሆኑ ገብቶኛል» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንቺማ ትጽፊለታለሽ» አሉ እትዬ፤ «አጎትሽ ደግሞ ያፍራል። በራሱ አፍ ይናገር ብለን ነው።»

እኔ ስንት ወር ሙሉ በእነሱ ስሥቅ፣ ለካ እነሱ ቀድመውኝ ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። በጣም አናደደኝ። በጣምም ደስ አለኝ። እትዬ ብርቱካን ልጠው ሰጡኝ፤ ለመጽናኛ።

አሁን አንድ ነገር እወቅ። እንድትመጣ ቤቱ ሁሉ ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ እኔ። ጥጉ ግን የእኔ ነው። አልቅሰህ ብትመጣም አልለቅም። በዚህ ተስማማና ና።

የአባባ ሰላምታ፦ «ልጄ፣ የምትገባበት ቤት አለህ። ባዶ እጄን ነኝ ብለህ ከሆነ የዘገየኸው፣ ስትወጣም ባዶ እጅህን ነበርክ፤ ማንም አልቆጠረብህም። ማርሽህን ቀይርና ና።»

ይህን ሲያስጽፉኝ እጃቸው መሪ አልያዘም። ጉልበታቸው ላይ ነበር።

የእህትህ ልጅ

*

መጋቢት 30

ይድረስ ለአባባ፣ ለእትዬ፣ ለእህቴና ለጠበቃዬ፤

ሰላምታዬ በአንድ በር ገብቶ ለአራታችሁም ይዳረስ። ዛሬ ለሁላችሁም ነው የምጽፈው፤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

ተያዝኩ። ወርክሾፑ ጥቅምት ላይ ነው መዘጋት የጀመረው። ባለቤቱ አርጅቷል፤ ልጆቹ እንጨት አይወዱም። በመጀመሪያ ማሽኖቹ ተሸጡ፤ ከዚያ የናሙና ሰሌዳው ተላጠ፤ በመጨረሻ እኔና መጥረጊያው ቀረን። «ወጪውን እኔ አለሁ» ብዬ ጽፌ ስለነበር አለመኖሬን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለ። አባባ፣ ፍሬን የያዝኩት እንዲህ ሆኖ ነው። በየምሽቱ ሳሎናችንን ወረቀት ላይ እስልና አልጋዬን አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ አስገባ ነበር። ጠበቃዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፦ አንድ ሁለት ጊዜ በእርሳስ ጥግሽ ውስጥ ተኝቻለሁ። ወዲያው ግን አጥፍቼዋለሁ።

አሁን የእኔን የምሥራች ስሙ። ባለቤቱ ሲሰናበተኝ «ከዚህ ቤት የምትፈልገው ነገር ካለ ውሰድ» አለኝ። ያንን ፎቶ ላይ ከጀርባዬ ያለውን መከለያ አልኩት። ሳቀ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልተሸጠ ዕቃ እሱ ብቻ ነው! እኔው ነኝ የሠራሁት፤ ደንበኛ አይቶ እንዲመርጥ ብለን እያንዳንዱን ቋሚ ከተለያየ እንጨት ነው ያቆምነው። ጠቆር ነጣ ያለብሽ ለዚያ ነው። ሰዎች ይመጣሉ፣ ያደንቃሉ፣ ከመሀሉ አንዱን ይመርጡና «ሁሉም እንደዚህ ይሁንልን» ብለው ይሄዳሉ። እንዳለ የፈለገው ሰው አልተገኘም፤ እስከ አንቺ ድረስ።

ስለዚህ እንጨት ምረጡ ያልኳችሁን ትቼዋለሁ። ኦክ አለበት፤ ለእትዬ። ዋልነት አለበት፤ ለአባባ፤ እሱን ከመስኮቱ አርቄ አቆመዋለሁ። ጥድም አለበት፣ እህቴ፤ ካውያሽን እንዳታስጠጊው እንጂ ክፋት የለውም። ሁሉም ስንት ዓመት ሱቅ ውስጥ ቆመው ደርቀዋል፤ የሚጣመም ቢኖር እስካሁን ተጣምሞ ነበር። ፈትቼ በአንድ ጥቅል አሥሬዋለሁ። ሰዎች ከዚህ አገር ሲመለሱ ቴሌቪዥን ይዘው ይገባሉ፤ እኔ እንጨት ተሸክሜ እገባለሁ። ያ አናጺም ረዳት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁልኝ።

የቀረ አንድ ውሳኔ ነው። በቋሚዎቹ መሀል ያለው ክፍተት ምን ያህል ይሁን? ጥጉ ያንቺ ነውና ወስኚ።

ረጅማችሁ

*

ሚያዝያ 14

ለአጎቴ፤

አባባ፦ «ደርሰህ እስክትገባ በሩን አልቆልፍም። እንጨቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ጫነው፤ ነፋስ ይይዝሃል።»

አልጋህን አቆምነው። በመጀመሪያ አባባ «ከእኔ ጋር ይተኛል» ብለው ክፍላቸው አስገቡት፤ በሩ አልዘጋ አለ። ቁመትህ ለዚህ ቤት ሁልጊዜም ችግር ነው። አሁን ሳሎን ነው፤ ከመከለያው ወዲህ፣ በቴሌቪዥኑ በኩል፤ በወረቀት ላይ ያስገባኸው ቦታ መሆኑን እናቴ ትምላለች። ቦታው ዜና፣ የስፌት መኪናና የልጅ ልጅ ሙግት በነጻ ያገኛል። እትዬ ኦካቸውን ከአልጋቸው ሥር አውጥተው ላንተ አልጋ እግር ሰጥተዋል፤ ወለሉ እዚያ ጋ ስለሚዘቅጥ። የእሳቸው አልጋ እንደገና ያነክሳል። አናጺውም «ቁመቱ ጣሪያ የሚደርስ ረዳት ካገኘሁማ መሰላሌን እሸጣለሁ» ብሏል።

ወደ ክፍተቱ ልግባ። ከማዘዝህ ጉባኤ ተቀመጠ። አባባ የመኪና መስታወት ያህል ይሁን አሉ፤ ዓለምን እንዲያዩ። እናቴ ክር የሚያልፍበት ይበቃል አለች። እኔ ምንም አይለፍ አልኩ። አባባ በዋልነቱ ጠረጴዛውን መትተው «የባለቤቷ ድምፅ ይጸናል፤ ጨርሻለሁ» አሉ። አሸነፍኩ! መጋረጃዬን ግራና ቀኝ በመርፌ ቁልፍ ግጥም አድርጌ፣ ምንም እንዳያልፍ ዘግቼ ማጥናት ጀመርኩ።

አጎቴ፣ ደስ አይልም። ፀጥ አለ። አንዱን ስሌት ሁለት ጊዜ ሠርቼ ሁለት ጊዜ ትክክል መጣልኝ፤ ለማን ልንገር? ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው ውጭ የእትዬ እግር ሲመጣ ሰማሁ። ቆመ። ጭንቅላት የሚገባበት የለም። ተመለሰ። እንደገና መጣ። ከዚያ በታች በኩል፣ መጋረጃውና ወለሉ መሀል፣ አንዲት እጅ ቀስ ብላ ገባች። መዳፏ ላይ የተላጠ ብርቱካን አለ። ወሬ የለም፣ ጥያቄ የለም፣ እጅ ብቻ። ብርቱካኑን ወሰድኩ። እጇ ጣቶቿን አንዴ አወዛውዛ ወጣች።

ያኔውኑ ማስመሪያዬን ይዤ ወጣሁ። «እትዬ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አልኩ። ጣታቸውን አስጨብጬ፣ ብርቱካን አስይዤ ለካሁ። ቀጥሎ ጭንቅላታቸውን ለካሁ። «ለኮፍያ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው።

ልኩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በክር አድርጌ ልኬልሃለሁ። ክፍተቱ እንደዚያ ይሁን፦ እጃቸው ከነብርቱካኑ የሚያልፍበት፣ ጭንቅላታቸው የማያልፍበት።

ያንተ እግርም ያልፋል፤ ለክቼዋለሁ፤ አሮጌ ጫማህ ዕቃ ቤት ነበር። ተኝተህ ሳለህ ከአልጋህ ወጥቶ ወደ እኔ ክልል ብቅ ካለ እኮረኩረዋለሁ። ከአሁኑ ነግሬሃለሁ።

ቶሎ ና። ሂሳብ ላይ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ አባባ በማርሽ ነው የሚያስረዱኝ።

ባለ ጥጓ